የወይዘሮ ቪምላ ስም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ዓባይነህ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን ያስወጣዎታል? ዓይንዎ ከታከመ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ጀምረዋል ብላ እማዬ ብትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ስልክ ላይ ጆሮዎ እያስቸገረዎ የማወራው ግማሹ መንገድ ላይ ስለሚቀር፣ ይህን ደብዳቤ ለጥየቃ ወደ አገር ቤት በሚመጡት በወይዘሮ የዓለምዘርፍ እጅ ልኬዋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ጀማምሮታል።

እዚሁ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ማተሚያ ቤት መግባቴን ሰምተዋል። የተቀጠርኩት ወረቀት ለመቁረጥና ለማጠፍ ነበር፣ ለሦስት ወር ሙከራ። አለቃዬ ኢዛና እዚሁ የተወለደ የእኛው ልጅ ነው፤ አማርኛው ቢሰናከልም ልቡ ቅን ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ልጅ ድንገት ስትለቅ፣ ሰው እስኪገኝ ብሎ እኔን አስቀመጠኝ።

በዚያው ሳምንት ሚስተር ሻርማ የሚባሉ ህንዳዊ አዛውንት መጡ። ባለቤታቸው ቪምላ ሞታባቸው ለጸሎቱ ቀን የሚታደል ካርድ ፈለጉ። ስሟን በሂንዲ ፊደል በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ፤ ያንኑ ልጃቸው በኢሜል ላከልን። ወደ ፕሮግራማችን ስገለብጠው አንድ ነገር ከነከነኝ። በእጃቸው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ፊደል በስተግራ የቆመችው ቆልማማ ምልክት፣ ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ሄዳለች። ለኢዛና ባሳየው፣ “ቤዚ፣ ልጁ የላከው ቴክስት ነው፤ ኮፒ ፔስት አይሳሳትም። ነገ ፒክ አፕ አለው፣ መጥተው ይወስዱታል፤ ፕሪንት አድርጊው” አለኝ።

እርስዎ በማተሚያ ቤት ዘመንዎ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ የሰው ስም ሲደረድሩ ሁለት ጊዜ ያዩ እንደነበር አውቃለሁና እጄ አልታዘዝ አለኝ። የእርሳስ ፊደል እንደሚያዛውሩት ምልክቷን ነቅዬ ከፊት ተከልኳት። ስክሪኑ ላይ ስሙ አማረ። ለማረጋገጥ ያስተካከልኩትን ስም በስልክ መልእክት ለሚስተር ሻርማ ላክሁላቸው። እሳቸው ስልክ ላይ ግን ምልክቷ ከፊደሏ ተነጥላ፣ ባዶ የነጠብጣብ ክብ ታቅፋ ታየች።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስተር ሻርማ ያንኑ ሊያሳዩኝ በአውቶቡስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። “ልጄ፣ እጃችን ይህችን አስቀድሞ ይጽፋታል፤ አፋችን ግን መጀመሪያ ‘ቭ’ን፣ ከዚያ ‘ኢ’ን ይላል” አሉኝ። ያኔ ገባኝ። አባዬ፣ ኮምፒውተር የፊደል መልክ አያስቀምጥም፤ ዓለም ሁሉ የተስማማበትን ቁጥር ነው የሚይዘው። የእኛ ‘ቪ’ ብቻዋን አንድ ቁጥር አላት፣ 4714። በእነሱ ግን ‘ቭ’ 2357፣ የ‘ኢ’ ምልክቷ ደግሞ 2367 ነው፤ የሚቀመጡትም እንደ አፍ ቅደም ተከተል ነው። ምልክቷን ወደ ግራ አሻግሮ መሣል የፕሮግራሙ ሥራ ነው። የልጃቸው ጽሑፍ ልክ ነበር፤ የእኛ ፕሮግራም ግን የህንድ ፊደል አጻጻፍ አልተከፈተለትም ኖሯል። ፈልጌ ከፈትኩትና የመጀመሪያውን ጽሑፍ መለስኩ። ምልክቷ ራሷ ተሻግራ ቦታዋን ያዘች።

ሚስተር ሻርማ ስሟን ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ “ትናንት ተሰብሮ ሳየው፣ እናንተን ማስቸገሩ አሳፍሮኝ ልተወው ነበር። አምሳ ሁለት ዓመት የጠራሁት ስም ነው” አሉ። ኢዛና ቆሞ ይሰማ ነበር። ካርዱን ራሱ አትሞ፣ ራሱ በመኪናው ቤታቸው አደረሳቸው።

ሰኞ ዕለት ሙከራው ማብቃቱንና ቦታው የእኔ መሆኑን ነገረኝ። ደግሞም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የግእዝና የአማርኛ የጸሎት መጽሐፍ ልናትም ነው። “አባትሽ ታይፕሴተር፣ ፊደል ለቃሚ፣ ነበሩ አይደል? ፕሩፉን ቼክ ያደርጉልናል?” አለኝ። የእርሳሱ ፊደል የቀለጠ ቀን ሙያዬም አብሮ ቀለጠ ይሉ እንደነበር አልረሳሁም። እኔ ግን ‘ሠ’ እና ‘ሰ’ የት እንደሚገቡ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከዚህ ጋር ፕሩፍ ያለው፣ ለእርማት የታተመው ስምንት ገጽ አለ። ቀይ እስክርቢቶም አብሬ ልኬያለሁ። ሳይራሩ ያርሙልኝ፤ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በኅዳር መጨረሻ ሲመለሱ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ። ይድነቃቸውን ከነባለቤቱ፣ አክስቴ ጌጤነሽንም ሰላም በሉልኝ። ገጾቹን ሲያርሙ ግን ማንም እንዳያናግርዎ።

ልጅዎ ቤዛዊት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.