በበዓለ ሃምሳ የጾምኩት ጾም

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዛሬ ተነቃብኝ። ቀሚሴ ከጠበበኝ ወዲህ ቅቤ የነካው ምግብ ሁሉ ኃጢአት ሆኖብኛል። ከትምህርት ቤት ስገባ አከራዬ እማማ ጥሩዬ ቅቤ የጠገበ ሽሮ ይዘው መጡ። ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝና "ጾም ነኝ" ብዬ አመለጥኩ።

"በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት?" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ትክ ብለው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ጾም ማን አዘዘብሽ?" አሉኝ።

ቁጭ ብዬ በላሁ፤ እንዴት ይጣፍጣል!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለቅጣት እራቴን እዘል ነበር። ዛሬ ሲመሽ ራበኝ፣ እንደ ሰው በላሁ። ቀሚሱን ነገ ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ አስለቅቀዋለሁ። ያጠፋው ቀሚሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።