አባ በተራ እና የግድቡ ውሃ

ወንድማችን ከገበሬ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በወንዙ ዳር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ታላቅ እኅታቸው ፊደል ባትቆጥርም ይህን ታሪክ አፏ እንዳመጣላት አስጽፋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትላቸው ኖራ ዛሬ «አንቱ» ማለቷ ለወጉ ነው።

የቴክኒክ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1967 ዓ.ም. በግድቡ ተቀጠሩ፤ በኋላም የውሃ መልቀቂያ በሮቹ ኃላፊ ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. የክሊኒኩን ነርስ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። እውነቱን ለመናገር ሚስታቸው ያገቡት ግማሽ ባል ነው፤ ግማሹን ሐይቁ ወስዶት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ ሐይቁ ሲጎድል ቢሯቸው ገበያ መሰለ። ከተማው ለመጠጥ፣ ማመንጫው ለማታ መብራት፣ ገበሬው ለጠዋት ማሳ፣ ሁሉም «ለእኔ!» አለ። ለሁሉም ቢለቁ ሐይቁ ክረምት ሳይገባ ሊደርቅ ነው። ከቦዩ ጫፍ ያለው ሽንኩርቷ የጠወለገባት እኅታቸውም መጣች።

«በሩን ትንሽ ገርበብ ብታደርገው ምን ትሆናለህ? አዝዬ አላሳደግሁህም?»

«እትዬ፣ ቦይ ዘመድ የለውም። በተራሽ።»

«ተራህን ብላው!» ብላ የቢሮውን በር ድርግም አድርጋባቸው ወጣች።

እሳቸው ግን ተከራካሪዎቹን ቦታ አቀያየሯቸው። የማመንጫውን አለቃ ከተሰነጠቀው ማሳ አቆሙት፤ የገበሬዎቹን ሽማግሌ ጀሪካን አስይዘው ከከተማው ቧንቧ አሰለፉት። ሲመለሱ ጩኸቱ በረደ። መጀመሪያ የከተማው መጠጥ ተለየ። ከዚያ ከግድቡ በታች ኩሬ በጋራ ተቆፈረ፤ ማታ ተርባይን ያዞረው ውሃ እዚያ ያድርና ጠዋት ማሳ ያጠጣል። አንዱ ውሃ ሁለት ሥራ ሠራ፤ ሐይቁም ለክረምት ደረሰ። ሽንኩርቱ ሲደርስ እኅታቸው ትልልቁን መርጣ «ይኸው፣ ያንተም ተራ ደረሰ» ብላ ላከችላቸው። «አባ በተራ» የተባሉት ያኔ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐይቁ ጢም ብሎ በሮቹ በተከፈቱበት ጠዋት፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና አንዲት አፈ ሹል እኅት ቀርተዋል።

ትናንት የከተማው፣ የማመንጫውና የገበሬው ሰው ሣጥኑን «እኛ እንሸከም» እያለ ከደጅ ሲከራከር፣ እኅታቸው ወጥታ «በተራ!» አለች። ዛሬ በየተራ ተሸክመው ይሸኟቸዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወረፋ በሌለበት ውሃ ዳር ያሳርፍልን።