ሳሙና የነካው መጥበሻ

ውድ እማማ ኦፓል፣

መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። ዳሌዎ ገና ስላልጠና ቆመው እንዳያነቡት ብዬ ነው እንጂ ክፉ ነገር የለም። አባባ ዴልበርት ደህና ናቸው። ላሟም ደህና ናት። ልጅዎ ጌሪም እንደ ልማዱ ያንኮራፋል። ሴት ልጅዎ ሻርሊን «እናቴን ፍሎሪዳ ወስጄ ፀሐይ እያሞቅኋት ነው» ብላ በስልክ ስትኩራራብን፣ እኛ እዚህ ኬንታኪ በረዶውን በአካፋ እየዛቅን ነበር። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩዎ አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለሚያዳምጡ ነው። ነገሩ እሳቸውንም ይነካላ።

ነገሩ ስለ መጥበሻዎ ነው። አዎ፣ ስለዚያ ስለ ጥቁሩ የብረት መጥበሻ።

ግን ከዚያ በፊት ልቤ ውስጥ የኖረ አንድ ነገር ልበልዎ። እኔ ለዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስመጣ ቦሎቄ መቀቀል እንኳ የማልችል ሴት ነበርኩ። እናቴ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር እኛ ቤት ሁሉም በየፊናው በልቶ ነው የሚያድረው። የእርስዎን የእሑድ ማዕድ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ ብዬ ጌሪን ጠየቅኩት። ቦሎቄው ጢስ ከጠገበ የአሳማ አጥንት ጋር ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ ቆይቷል፤ ድንቹ ተጠብሷል፤ ሽንኩርቱ ተከትፏል፤ የበቆሎው ዳቦ ከመጥበሻው ተገልብጦ ቅርፊቱ ከሽ ከሽ ይላል። ሌላ ምንም የለም፤ ግን ምንም የጎደለ አይመስልም። ስንት ሰው ይመጣል ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ፓስተሩ ከነቤተሰቡ ድንገት በር ላይ የቆመ ዕለት ቦሎቄው ላይ ውሃ ጨምረው «እግዜር ቀድሞ ነግሮኝ ነው ብዙ የቀቀልኩት» ሲሉት አሜን ብሎ ተቀመጠ። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

ተበልቶ ካበቃ በኋላ ደግሞ መጥበሻውን በጨውና በጨርቅ እየወለወሉ ያችን ንግግርዎን ይናገራሉ። «ይህ መጥበሻ ከዴልበርት እናት ጀምሮ ሳሙና ነክቶት አያውቅም።» እኛም ከጸሎት በኋላ አሜን እንደሚባለው ራሳችንን እንነቀንቃለን።

እንግዲህ እርስዎ የሄዱ ሰሞን የእሑዱ ማዕድ አይቋረጥም ብዬ እዚያው ጓዳዎ ገብቼ ሠራሁ። ሁሉም መጣ። በልተን ላሟን ልናይ ወጣ ስንል የልጄ የኮልተን ሙሽራ ኬንድራ ዕቃውን እኔ ላጥባለሁ ብላ ቀረች። እንደሚያውቋት የከተማ ልጅ ናት። የበቆሎ ዳቦው ውስጥ ስኳሩ የታለ ብላ ጠይቃ «ስኳር ያማረው ኬክ ይጋገርለታል» ያሏት እሷው ናት። ስንመለስ መጥበሻው መስኮቱ ሥር አመድ መስሎ ቁጭ ብሏል። በሳሙናና በሽቦ ፈትጋ ፈትጋ ስንት ዘመን በስብ የተሟሸው ያ ሁሉ ጥቁረት ወርዶ ብረቱ አፍጥጧል። እሷ እቴ ደስ ብሏት ጣቶቿን ታሳየኛለች። «እጄ እስኪላጥ ፈተግኩት፤ ስንት ዘመን የተጋገረ ቆሻሻ ነው እባክሽ?»

ጌሪ አፉን መያዝ መቼ ያውቅና «እንግዲህ የአያቴ አጥንት ይውቀስሽ» አላት። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባባ መጥበሻውን አየት አደረጉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በረት ወጡ። እሷም ቁጣ ነው ብላ ያዘችው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ወዲያ ኬንድራ ቀረች። አንድ እሑድ ጉንፋን ያዛት፣ ሌላ ጊዜ ደከማት ይለኛል ኮልተን። ቆይቶ እሱም ቀረ፤ ሲደውል ደግሞ ሉዊቪል ከተማ ሥራ አለ ይባላል፣ ልንሄድ እንችላለን አለኝ። አባባ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ ትተው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆመው የቆርቆሮ ቦሎቄ ሳያሞቁ በማንኪያ ይበሉ ጀመር። ቢቀመጡ ምናለበት ስላቸው የኦፓልን ባዶ ወንበር እያየሁ አይወርድልኝም አሉኝ። እማማ፣ ፈራሁ። ስንት ዘመን ያቆሙት ማዕድ በእኔ እጅ ሊበተን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ኬንድራ ቤት ሄጄ ለመንኳት። «እማማ ኦፓል ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አባባስ እንኳን ሊያናግሩኝ ፊታቸውን አዙረው ወጡ እኮ» አለችኝ። ባባብላት፣ ብመክራት እንቢ አለች። ተመልሼ ለአባባ ነገሩን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፤ ልጅቷ የቀረችው ተቆጥተውኛል ብላ ነው አልኳቸው።

«እኔ? በምኑ?» አሉ።

«በመጥበሻው ነዋ፣ አባባ።»

ባርኔጣቸውን አደረጉ። መኪናዋን አስነሺ አሉኝ። ልጆቹ ቤት ስንደርስ ግቡ ቢባሉም አልገቡም። ደጃፉ ላይ በረዶው ውስጥ ቆመው፣ «ልጄ፣ መጥበሻው መሟሸት አለበት። ስቡ አለኝ፤ ክንድ ነው የሌለኝ» አሏት። ኬንድራ ካፖርቷን እንኳ በወጉ ሳትቆልፍ ተከትላቸው መኪናው ውስጥ ገባች።

ያን ቀን ጓዳዎን ቢያዩት። መጥበሻውን የአሳማ ስብ ይቀባሉ፣ ምድጃው ውስጥ ይከታሉ፣ ያወጣሉ፣ ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። ጢሱ ቤቱን ሞልቶት መስኮቱን ብከፍት በብርድ፣ ብዘጋ በሳል ልናልቅ ሆነ። አባባ «ስስ አድርጊው፣ ሲበዛ ይሙለጨለጫል» እያሉ እሷ ታሻለች።

በማግስቱ እሑድ ዳቦውን ኬንድራ ራሷ ጋገረችው፤ ያለ ስኳር። ሁላችንም ከበን ቆመን ስትገለብጠው ግማሹ ሳህኑ ላይ ወደቀ፣ ግማሹ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ። የልጅቷን ፊት ሳይ በሩን ከፍታ የምትጠፋ መሰለኝ። አባባ ማንኪያ አነሱ። የተጣበቀውን ፋቅ ፋቅ አድርገው ብርጭቆ አሬራቸው ውስጥ ጨመሩና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ፣ እማማ! ጎረስ አድርገው፣

«የኦፓልም የመጀመሪያው እንዲሁ ተጣብቆ ነው የወጣው» አሉ።

መቼ ነው ደግሞ እሱ አልኳቸው።

«በተጋባን ሰሞን ነዋ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ ኦፓል ልታስደስታት ብላ ቤት በተሠራ ሳሙና ልጣው ፀሐይ ላይ አስጥታው አገኘናት።»

የጌሪ ሹካ ከእጁ ወደቀ። «የእኔ እናት?»

«ያንተ እናት። እናቴ ምንም አላለቻትም፤ ስብ አምጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሲያበቁ ለማንም እንዳልናገር ሁለቱም አስማሉኝ። ያን ዕለት በረት የገባሁት ተቆጥቼ መሰላችሁ? ሳቄ አምልጦኝ ነገሩን እንዳላወጣው ነው እንጂ።» ከዚያ ወደ ኬንድራ ዞረው፣ «እንግዲህ ኦፓል ስትሰማ የኔም ጉድ ፈላ» አሉ።

ኬንድራ እያለቀሰች ሳቀች። ኮልተን ስለ ሉዊቪል እንደሆነ ጭራሽ አላነሳም፤ ሽንኩርት ተርፏል ወይ ነው ያለኝ። ማሰሮው ተጠርጎ እስኪወጣ በላን።

ማታ ሳስበው ብቻዬን ስስቅ ጌሪ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። እማማ፣ ይህን ያህል ዘመን ያንን መጥበሻ በጨው እየወለወሉ፣ ፊትዎ ሳይለወጥ ያንን ቃል ሲነግሩን! እኔ እኮ እርስዎን የማደንቅዎ ምንም ነገር በእጅዎ ተበላሽቶ ስለማያውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ይባስ ብዬ አደነቅሁዎ።

እንግዲህ ለፋሲካ ሲመጡ መጥበሻው በሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ያገኙታል። እጀታው በኩል ትንሽ ግራጫ ይቀረዋል። ኬንድራ ጓዳው በር ላይ እጆቿን እያፋተገች ቆማ ትጠብቅዎታለች። አደራዎን፣ አባባን አይቆጧቸው። መጥበሻውን ያውርዱት፣ ወደ ብርሃን ያዙሩት፣ ከዚያ እንደ ልማድዎ ከዴልበርት እናት ጀምሮ ሳሙና ነክቶት አያውቅም ይበሉ።

እኛ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ከሁላችን አብልጣ ኬንድራ።

እስኪመጡ ቦሎቄዎን የማማስልልዎ
ምራትዎ ሮንዳ