«እዚህ አይቀመጥም»፦ ስለ ዕቃ ኃላፊያችን ስለ አቶ ደምለው ፋንታ ዕረፍት

...ሁለቱን የትከሻ ማሰሪያዎች ይዘው ወደ ላይ ይስቡ ነበር። መንሳፈፊያ ሰደርያው ጆሮ ድረስ ከወጣ ያስወልቁና ሌላ ያስለብሳሉ። አገጭ ሥር ከቆመ ጀርባ መታ አድርገው «ሂድ» ይላሉ። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን። ትከሻችን ያስታውሰዋል።

በቢቸና የወንዝ ልኬት ጣቢያችን የጀልባና የመከላከያ ዕቃ ኃላፊ የነበሩት አቶ ደምለው ፋንታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1976 ዓ.ም. የሱሃ ወንዝን ሙላት በመለካት ላይ ሳሉ የጎማ ጀልባዋ ተገልብጣ፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የጣቢያው ሠራተኞች ሐዘናችን ከባድ ነው። ከባድ ብቻም አይደለም። እረፍት የሚነሳ ነው።

አቶ ደምለው በደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ ሲሆኑ፣ ጣቢያው በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም ተቀጠሩ።

በ1969 ዓ.ም. ጋቢ ደርቦ ጀልባ መሳፈር እንዲቀር አደረጉ። ጥጥ ውኃ ጠጥቶ ሰውን ወደ ታች እንደሚጎትት አስረዱ። «ጋቢ ለለቅሶ ነው» ይሉ ነበር። በምትኩ የሱፍ ሹራብ፣ ውኃ በሚሞላው ቦት ጫማ ፈንታም በማሰሪያ የሚጠብቅ ሸራ ጫማ እንዲለበስ ወሰኑ። ፊሽካ ያላንጠለጠለ ወደ ወንዙ አይወርድም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የሰደርያዎቹ ማሰሪያ ሲላላ ሞጣ ድረስ ወስደው በልብስ ሰፊው በአቶ ሳሊህ እጅ አስቀየሩ። ሰፊው «ጋሼ ደምለው፣ ሙሽራ ነው የሚድሩት ወይስ ወንዝ ነው የሚያሻግሩት?» ቢሏቸው፣ «ሙሽራማ ቢጠበው ይፈታል፤ የኔው ግን ቢሰፋው ይሄዳል» ማለታቸው በሞጣ ገበያ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ እያንዳንዱን ሰደርያ ድንጋይ አስረው፣ ሳይሰጥም መቆየቱን ለማየት በርሜል ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩ ነበር። ከውስጥ የተሞላው ውኃ የማይጠጣ የዛፍ ጥጥ ነው። ከታመቀ መንሳፈፉን ያጣል። «ይህ ጥጥ የተቀመጠበትን ሰው አይረሳም» ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

በየካቲት 1976 ዓ.ም. ለስድስት ወር ወደ ሞጣ ቅርንጫፍ ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት ባለጉዳዮች በዕቃ ቤቱ የሰደርያዎቹ ክምር ላይ ሲቀመጡ ስላዩ፣ ከክምሩ በላይ ግድግዳው ላይ «እዚህ አይቀመጥም» ብለው ለጠፉ። እኛ አነበብነው። ዕቃው እዚህ እንዳይቀመጥ ታዘዘ ብለን አነበብነው። ዘጠኙንም ሰደርያዎች ወደ አዳራሹ አዛወርን። በአዳራሹ ዘወትር ሰኞ የውይይት ክበብ ነበር። አግዳሚዎቹ ይቀዘቅዙ ነበር። ውይይቱም ረጅም ነበር።

ቃልን ሁለት ጊዜ ማንበብ ከእሳቸው ልንማረው የሚገባ ነበር።

ሰኔ ላይ የበርሜሉ ፈተና አልተደረገም። ሰደርያዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ነሐሴ 8 ቀን ከሞጣ ተመለሱ። ሙላቱ በማግስቱ መለካት ነበረበት። ጠዋት ሰደርያዎቹን ከአግዳሚው ላይ ሲያነሱ «ማን ነው የተቀመጠባቸው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት መርጠው አንድ በአንድ በመዳፋቸው ጫኑ። በሁለቱ ላይ የሰረጎደው ቦታ ተመልሶ ሞላ። እነዚያን ለባልደረቦቻቸው ለአቶ ሣህለ ማርያምና ለአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አልብሰው ትከሻቸውን ሳቡ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጫኑት። ከዚያ ራሳቸው ለበሱት። የእሳቸውን ትከሻ የሳበ አልነበረም።

ሁለቱ ባልደረቦች ተንሳፍፈው ወጥተዋል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ለልጆቻቸው፣ በሞጣና በቢቸና ለሚገኙ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ወይዘሮ ፈንታነሽ በለቅሶው ላይ «የሳቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው የትኛችሁ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። መልስ መስጠት ይገባን ነበር። ዘጠኙም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቁጥር የላቸውም። ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ነበር።

በመጪው ሰኞ የሙላቱ ልኬት ይቀጥላል። የሚወርዱት ሦስት ሰዎች ናቸው። እርግጠኛ የሆንባቸው ሰደርያዎች ሁለት ናቸው። ይህ መግለጫ በሚጻፍበት ሰዓት አቶ ሣህለ ማርያም ያልተፈተኑትን ስድስቱን ሊፈትኗቸው ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤቱ እየገቡ ነው። እዚያ ውስጥ በርሜሉ በዝናብ ውኃ ተሞልቷል። ድንጋዮቹ ከጎኑ ተደርድረዋል። እኛ በረንዳው ላይ እንጠብቃለን። አግዳሚው ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠም።

በሩ ከውስጥ ተዘጋ።