አባባ የዘጉት የእማዬ ካርድ

ለውድ ወንድሜ ለዌንድል፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? ያ የአላስካ ብርድ፣ ያ የዓሣ መርከብ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ኖሪንስ? ትንሿ ኦፓል አድጋ ይሆን? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። አባባም ከጉልበታቸው ሕመም በቀር ደህና ናቸው፤ ልባቸው ግን ደህና አይደለም። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

ወንድሜ፣ የተወለድንበት ቤት ከእጃችን ወጣ። አከራያችን ሚስተር ስተርጊል ሲሞቱ ልጆቻቸው ሊሸጡት ፈለጉ፤ ደጎች ናቸውና ቅድሚያውን ለአባባ ሰጡ። አባባም ባንክ ሄደው ብድር ጠየቁ። ክፍያ አንድ ቀን እንኳ የማያሳልፉ ሰው መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። እምቢ ይባላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ተባሉ ግን።

እማዬ "እጄ እንዳያሳስተኝ" እያለች ውኃ ውስጥ ነክራ በረዶ አድርጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጣት የክሬዲት ካርድ ትዝ ትልሃለች? በእሷና በአባባ ስም የነበረችው? በዓመት አንድ ጊዜ አቅልጣ ቤንዚን ትቀዳባትና ወዲያው ከፍላ መልሳ ታስቀምጣታለች፤ ባንኩ የተረሳች መስሎት እንዳይዘጋት ብላ ነበር። ለክፉ ቀን ናት ትለን ነበር።

እማዬ ካረፈች በኋላ ፓስተር ሆባርት በቤተ ክርስቲያን ከዕዳ ነፃ የመውጣት ትምህርት ጀመሩ። በመጨረሻው እሑድ ሰው እየተነሣ ካርዱን በመቀስ ሲቆርጥ ጉባኤው አሜን ይላል። አባባም "የማንነካት ካርድ ምን ታደርግልናለች" ብለው ያቺን በሙቅ ውኃ አቀለጧትና መድረክ ላይ ወጥተው ቆረጧት። በማግሥቱ ደውለው ሒሳቡን ጭራሽ አዘጉት። ሰዉ ሁሉ ደስ አለው፤ እሳቸውም ከቀብሩ ወዲህ ያን ቀን ነው ፈገግ ያሉት።

ባንክ ያለችው ሴት ታዲያ ነገሩን አስረዳችን። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ካርድ ናት፤ እሷም በእማዬ የቀብር ወጪ ልትሞላ ምንም አልቀራትም። ያቺ ባዶዋ ካርድ ክፍት በነበረች ጊዜ፣ ሊበደሩ የሚችሉት ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ዕዳቸው ትንሽ ነበር። በአንዷ ብቻ ሲለካ ግን እስከ አንገታቸው የተዘፈቁ መሰሉ። ዕዳቸው ላይ አንድ ሳንቲም ሳይጨምሩ፣ ባንኮች ተበዳሪን የሚመዝኑበት የብድር ነጥባቸው ወረደ። ዕዳውን እያቃለሉ ሲሄዱ ይመለሳል ብላ አጽናናችን፤ የሚስተር ስተርጊል ልጆች ግን እስከዚያ መጠበቅ አልቻሉም። ቤቱን ከሌክሲንግተን የመጡ ሰዎች ገዙት።

ያን ቀን ከባንኩ ስንመለስ አባባ መኪና ውስጥ፣ "ቬልማ፣ እናትሽ ዝም ብላ ደግፋ ያቆመችውን ቤት እኔ እያስጨበጨብኩ ቆረጥኩት" አሉኝ። "ማን አወቀ አባባ፣ ሁላችንም አላወቅንም" ብላቸው፣ "እናትሽ ታውቅ ነበር" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አሁን እኔ ዘንድ ገብተዋል። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀርብላቸዋለሁ፤ ቀመስ አድርገው ይተዉታል። ላንተ እንዳልነግርህም ለምነውኛል። "ዌንድል የእናቴን ቤት የት አደረሱት ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" ይላሉ። ፖስተኛው ሲመጣ ካዩ ከበረንዳው ተነሥተው ይገባሉ፤ የሚፈሩት ያንተን ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ወንድም ዓለም፣ ገንዘብ አትላክ። ለእሳቸው በስማቸው ጻፍላቸው። አልተቀየምኩዎትም በላቸው። ከተቀየምካቸውም ለእኔ ጻፈው፤ እኔ እችለዋለሁ።

ባለቤቴ ክላይድ አክብሮ ሰላም ይልሃል። ልጆቼ ሬቫና ዱዌይን አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቃሉ። ኖሪንን እቀፍልኝ፤ ኦፓልን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባባ መጻፌን ስለማያውቁ የእሳቸውን ሰላምታ ልልክልህ አልቻልኩም።

እህትህ ቬልማ
ሃዛርድ፣ ኬንታኪ
ኖቬምበር 9 ቀን 2014