ወይዘሮ ለተንሳኤ ኣንዶምና የኡሙሃኒ መኪና

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ለተንሳኤ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኣንዶም ገብረዝጊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣኽበረት ተስፉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በኤርትራ፣ በደቀምሓረ ከተማ ተወለዱ። አባታችን የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። መኖሪያችንና ጋራዡ በአንድ ግቢ ስለነበሩ ለተንሳኤ አፍ የፈቱት በሞተር ድምፅ ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለድ ነበር። እናታችን ሴት ልጅ ግራሶ ስትነካ ማየት አይወዱም ነበርና ብዙ ተቆጥተዋቸዋል፤ አልሆነላቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደቀምሓረ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአስመራ ተከታተሉ። ያኔ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ነበር። ይህን ጽሑፍ እኔ ታናሽ እህታቸው ኣሪያም በአማርኛ ያዘጋጀሁትም ሁለታችንም የተማርንበት ቋንቋ ስለሆነ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከልም ስለ እሳቸው መስማት የሚገባት አንዲት ወዳጃቸው የምትሰማው እሱን ስለሆነ ነው።

በ1971 ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። ከዚያም በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ወርክሾፕ ውስጥ የናፍጣ ፓምፕ አስተካካይ ሆነው ተቀጠሩ። በ1976 ከመምህር ተኽላይ ወልዳይ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1979 ባልና ሚስቱ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ አንድ ልጃቸውን ነብያትን በካርቱም ወለዱ። በ1984 ወደ ሚኒሶታ መጥተው በሴንት ፖል፣ ቆይቶም በሚኒያፖሊስ በሲዋርድ ሰፈር ኖሩ።

እዚህ እንደደረሱ ሆቴል እያጸዱ እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር። ከወይዘሮ ኡሙሃኒ ጋር የተገናኙት በዚያ ክፍል ነው። ወይዘሮ ኡሙሃኒ የደሴ ሰው፣ እስላም፣ ሳቂታ ናቸው። እህቴ ደግሞ ቁጥብ ነበሩ። መምህሯ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተነጋገሩ ስትል ሁለቱ በአማርኛ ያወሩና ይገሠጹ እንደነበር ወይዘሮ ኡሙሃኒ አሁንም ይናገራሉ። አንዷ "ለተ"፣ ሌላዋ "ኡሙ" ተባባሉ። ፋሲካና ኢድ የሁለቱም ቤት በዓል ሆነ።

ወይዘሮ ለተንሳኤ የመኪና ጥገና ኮርስ ጨርሰው በ1988 በሲዋርድ በሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ተቀጠሩ። በአዲስ አበባ የሚያውቁት ፓምፕ በእጅ ይስተካከል ነበር፤ እዚህ ግን ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ነበር። እሳቸው ግን ይህንንም ወደዱት። የሰው መኪና ሳይጥማቸው አይመልሱም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ኮፈን ከፍተው ስለሚቆዩ ባለቤታቸው አቶ ተኽላይ፣ "አንቺ ሴት፣ የጸለይሽው ለእኛ ነው ለካንዴላ?" ይሏቸው ነበር።

አሁን የምጽፈውን እንዳልተው እህቴ አደራ ብለውኛል።

በ1994 መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ኡሙሃኒ መኪና ሞተር ተቃጠለ። መኪናዋ በሰማንያዎቹ አጋማሽ የተሠራች፣ ኮምፒዩተር ካላቸው ከቀደምቶቹ አንዷ ነበረች። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ከሚኖሩበት ከሜፕልዉድ ራቅ ብላ ወደምትገኘው ወደ ኢገን እየነዱ በአረጋውያን መጦሪያ ሕሙማንን ይረዱ ነበር። ያለ መኪና ሥራው የለም። እህቴ ከአሮጌ መኪና ግቢ ተለቅ ያለና አዲስነት ያለው ሞተር አምጥተው ተኩላቸው። ኮምፒዩተሩ ግን የድሮው ነበር። ስለዚህ ለማያውቀው ሞተር በቀድሞው ልክ ቤንዚን ያዝዝለት ጀመር።

መጀመሪያ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ካንዴላዎቹ ጠቆሩ። የአዲሱ ሞተር ኢንጀክተሮች ከሚፈለገው በላይ ቤንዚን ይረጩ ነበርና የድሮዎቹን መለሱለት። ያኔ ደግሞ ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ቤንዚን አነሰውና ይንተፋተፍ ጀመር። ቤንዚኑ እንዲጨምርለት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካውን ክዳን ስፕሪንግ ጥቂት በጥቂት እያላሉ፣ እየነዱ እየተመለሱ አስተካከሉት። በመጨረሻ ሞተሩ በጸጥታ ዞረ።

ወይዘሮ ኡሙሃኒ ነድተው ሞከሯትና በደስታ ተመለሱ።

"ለተ፣ ወላሂ ከድሮው ትሻላለች! ሰኞ ሥራ እገባባታለሁ።"

"አልጨረስኳትም" አሉ እህቴ። "እስካሁን ያየኋት በሞቀ ጋራዥ ውስጥ ነው። ውጪ አድራ በብርድ ስትነሳ ማየት አለብኝ።"

"ሱፐርቫይዘሬ ከእንግዲህ አትታገሠኝም። ኢገን በእግር አይኬድ ነገር! ድራይቭ አደረግኋት እኮ፤ ምንም የላትም።"

እህቴ ኮፈኑን ዘጉ። ከዚያ "እሺ፣ ውሰጃት" አሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ልባቸው ያልተቀበለውን መኪና ያስረከቡት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያስረከቡትም ለሚወዷት ሰው ነው።

ያ ሰኞ በጥር 1995 ከዋሉት ቀናት ሁሉ ብርዱ የከፋበት ነበር። መኪናዋ ተነሳች። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍጥነት ቀንሰው መስቀለኛው መንገድ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ከግራ በኩል የመጣ ፒክአፕ ፍሬን ቢይዝም በረዶው ላይ ተንሸራትቶ በሾፌሩ በር በኩል መታቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ።

እህቴ ሊጠይቋቸው ሆስፒታል ሲገቡ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ከአልጋው ላይ እጃቸውን ዘርግተው፣ "አብሽሪ ለተ፣ በረዶ ነው የመታኝ" አሏቸው። እህቴ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ተመልሰውም አልሄዱም።

ጋራዡን ለቀቁ። የመፍቻ ሳጥናቸውን ምድር ቤት አስገብተው በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠሩ። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ከሆስፒታል ወጡ፤ ሰው ማንሳት ስለማይችሉ የቀድሞ ሥራቸውን አጡ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንድ ክሊኒክ ተቀምጠው የሚያስተረጉሙበት ሥራ አገኙ። በዚህ ሁሉ መሐል ስልክ መደወል አላቆሙም። ድምፃቸው ከስልኩ የመልእክት መቀበያ ይሰማ ነበር፤ "ለተ፣ ኡሙ ነኝ። ለኢድ እጠብቃችኋለሁ።" እህቴ ቆመው ያዳምጣሉ፤ አያነሱም። ነብያት አንድ ቀን መታገሥ አቅቷት፣ "ማም፣ ጀስት ኮል ኸር!" ብላ ጮኸች። እናትየዋ፣ "ነገ እደውላለሁ፣ የኔ ልጅ" አሏት። አቶ ተኽላይም ቢመክሩ፣ እኔም ብለምን መልሱ ያው ነገ ነበር። እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ።

በ1997 በጋ ወይዘሮ ለተንሳኤ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ወሬውን የሰሙት ወይዘሮ ኡሙሃኒ በጥቅምት ወር ሳይደውሉ መጡ። ባለቤታቸው አቶ ዙሀይር ደግፈው በረንዳው ላይ አደረሷቸው። በከዘራ ነበር የሚሄዱት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እህቴ ከሶፋው ሊነሱ ሞክረው አቃታቸው።

"የተሰበረው ዳሌዬ ነው፤ አፌ ደህና ነው" አሉ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ገና ከበሩ። "ስደውል ለምን አታነሺም?"

"በምን ዓይኔ ልይሽ ኡሙ?"

"በእነዚሁ በሁለቱ ነዋ! ሌላ አላመጣሁልሽ።"

እህቴ አለቀሱ። ወይዘሮ ኡሙሃኒ አጠገባቸው ተቀምጠው እስኪበቃቸው ጠበቁ። ከዚያ፣ "መኪናዬን ጨርሽልኝ" አሉ።

"አልሸጣችኋትም እንዴ?"

"ዙሀይር ልሽጣት ብሎ ነዝንዞኝ ነበር። ለተ ሳታያት አትሸጥም አልኩት።"

"ማን ሊነዳት?"

"እኔ" አሉ። ከአደጋው ወዲህ መሪ ጨብጠው እንደማያውቁ አቶ ዙሀይር በዓይናቸው ነገሩን።

በታኅሣሥ፣ መኪናዋ ውጪ አድራ በነጋታው ሁላችንም ሜፕልዉድ ሄድን። ነጯ መኪና የተገጠመላት በር አረንጓዴ ነበር። እህቴ በአቶ ተኽላይ ካፖርት ተጠቅልለው፣ በተከፈተው ኮፈን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ቁልፉን አዞሩ፤ ተነሳች። ገና ሞቅ ስትል ግን ተንቀጠቀጠችና ጠፋች።

"ይኸው" አሉ እህቴ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። "ይህን ነበር ማየት የነበረብኝ።"

የውሃውን ሙቀት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን ሴንሰር በኤሌክትሪክ መለኪያ ለኩት። ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣው ሴንሰር ከድሮው ኮምፒዩተር ጋር አይግባባም ነበር። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒዩተሩ ሞቋል ብሎ ቤንዚኑን ይቀንስበታል፤ በጋራዡ ሙቀት ይህ አይታይም። ለድሮው ኮምፒዩተር የሚሆነውን ሴንሰር አቶ ዙሀይር ፈልገው አመጡ፤ እህቴ እጃቸው ስለደከመ በቃል እየመሯቸው አስገጠሙት። በሌላ ብርዳም ጠዋት መኪናዋ ተነሳች፤ እየሞቀች ሄደች፤ አልጠፋችም። ወይዘሮ ኡሙሃኒ መሪውን ጨብጠው፣ እህቴን አጠገባቸው አስቀምጠው ሰፈሩን ዞሩ። ከዚያ ወዲህ እህቴን ለሕክምና ያመላለሷቸው ወይዘሮ ኡሙሃኒ ናቸው።

ሁላችንም በዚህ የተጽናኑ መስሎን ነበር። እህቴ ግን አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፤ "ሴንሰሩን ማንም ይስታል። እኔን የሚቆጨኝ ኡሙ እጇን ስትዘረጋልኝ ፊቴን ማዞሬ ነው። ቂም የያዘችብኝ መስሎኝ ሸሸሁ፤ እሷ ለካ ስትጠብቀኝ ኖራለች። አሁን ጊዜ በሚያስፈልገን ሰዓት ያን ሁሉ ጊዜ በትኜዋለሁ።" እውነት ነበር።

ወይዘሮ ለተንሳኤ በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው የካቲት 21 ቀን 1998 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በሲዋርድ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አቶ ተኽላይና ነብያት በግራ፣ ወይዘሮ ኡሙሃኒ በቀኝ ነበሩ።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀን በፊት ይህን ታሪክ ማን እንደሚጽፍ ጠይቀውኝ፣ እኔ ስላቸው፣ "ኡሙን ከወዳጆች ጋር እንዳታደርጊያት፤ ከእህቶቼ ጋር ጻፊያት" አሉኝ። እንዳዘዙኝ አደርጋለሁ።

ወይዘሮ ለተንሳኤ ኣንዶም የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ባለቤታቸውን አቶ ተኽላይ ወልዳይን፣ ልጃቸውን ነብያት ተኽላይን፣ እህቶቻቸውን ኣሪያም ኣንዶምንና ኡሙሃኒን ትተው ሄደዋል።

የዘገየውን ዕርቅ የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ድካማቸውን በዕረፍት ይለውጥላቸው። እኛንም የምንወዳቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይቅር የምንባባል ያድርገን። አሜን።