አራት ዓይነት ሴራሚክ ብቻ

ውድ አባዬ፣

እህቴ ጋ ከሄድክ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀንህ። በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል» ትለኛለች። ጠዋት በሦስት ሰዓት የምትተኛ ሰው እንዳልሆንክ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

የክሊኒኩን ግድግዳ አበላሽቼዋለሁ። ይኸው፣ አልኩት።

የታዘዝነው ከላይ ከነጭ ተነስቶ እስከ ታች ጥቁር ሰማያዊ ድረስ ቀስ እያለ እንዲጠቁም ነበር፤ ያለን ግን አራት ዓይነት ሴራሚክ ብቻ። እኔ በኮምፒውተር አስልቼ ለእያንዳንዱ ቦታ ከአራቱ የሚቀርበውን መደብኩ። አንተ ወረቀቱን አየት አድርገህ «ይሄ ነገር መስመር ያወጣል፣ ኢንጂነሯ» አልክ። እኔ ደግሞ በሠራተኞቹ ፊት «አባዬ፣ ይሄ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ አንተ ዝም ብለህ ለጥፍ» አልኩህ። «ይሁን» ብለህ የጎማ መዶሻህን በጨርቅ ጠቅልለህ ወጣህ።

መስመር አወጣ። አራት ወፍራም መስመር፣ ልክ እንደ ባንዲራ። የክሊኒኩ ባለቤት ራቅ ብላ ቆመችና «ቀስ እያለ የሚጠቁመው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥታኛለች።

ያኔ ትዝ አልከኝ። የተራረፈ ሴራሚክ ለቃቅመህ መታጠቢያ ቤታችንን ስትለጥፍ፣ እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ አይህ ነበር። «ልክክ የሚል አይገኝም፤ እዚህ ካነጣሽው ቀጥሎ ያለውን አጥቁሪው። ያጎደልሽውን ይዘሽ እለፊ» ትለኝ ነበር። የእኔ ስሌት ግን በተፈለገው ቀለምና በተለጠፈው መካከል ያለውን ልዩነት እዚያው እየጣለ ነው ያለፈው።

ትናንት ላይኛውን ግማሽ በመሮ አንስቼ በአንተ መንገድ ለጠፍኩት። ሲጠጉት ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ከበሩ ሲያዩት ግን ቀለሙ ቀስ እያለ ይወርዳል። አለቀስኩ፣ አልዋሽህም።

አባዬ፣ አንተም እኮ ከሥራ ወሬ ውጭ ያለህ ሦስት ቃል ነው፤ «ይሁን»፣ «እንጃ»፣ «ደግ»። ስመረቅ «ይሁን» ስላልከኝ ግድ እንደሌለህ ቆጥሬ ስንት ዓመት አኮረፍኩህ። በማግስቱ ያለቀ ጫማዬን ሶል አስቀይረህ አልጋዬ ሥር አስቀምጠህልኝ ነበር። እሱን ከቃልህ ጋር አልደመርኩትም። ይቅር በለኝ።

የታችኛውን ግማሽ አልነካሁትም። ሐሙስ ሳይደርስ መዶሻህን ይዘህ ና። መምጣቱ ከከበደህ ከሦስቱ ቃላትህ አንዱን ለእህቴ ንገራት፤ የትኛውም ይሁን። የጎደለውን እኔ ይዤ አልፋለሁ።

ልጅህ፣ ኢንጂነሯ